ያረጀ ውሻ ምሕረት ይገባዋልን?

ከመንገድ አንሥተን ያሳደግነው ውሻ አርጅቶ ኩላሊቱ ታመመ። አብዝቶ ይጠማዋል፤ ከስቷል፤ ሌሊት መጮኹንም ትቷል። የእንስሳት ሐኪሙ፣ «ኩላሊቱ አይድንም፤ ንጹሕ ውኃ ግን አታጓድሉበት» አለን። አንዳንዶቻችን፣ «ድኻ በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ቤት የማይጠብቅ ውሻ ማስታመም ተገቢ ነውን?» ብለን ጠየቅን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጸጋው አልዓዛርን የረሳው ውሻ ሲያስታምም አይደለም፤ በድሎቱ ተይዞ ነው እንጂ። ወደ ቁስለኛው የቀረቡትስ ውሾች ነበሩ። ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌ 12፥10 ከብቱን የሚያስበውን ሰው ከጻድቃን ወገን ቈጥሮታል።

እንግዲህ ጥቅሙ ሲያልቅ ፍቅራችን ካለቀ፣ ቀድሞም የወደድነው ጥቅሙን ነበር። ስለዚህ በየተራ ውኃ እየቀዳን እናስታምመው፤ የእርሱን ጥም ያየንበትን ዓይንም በደጃችን ካለው ድኻ አናዙር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።