ስለ ድምፅ አደራ

የሰው ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ለቀደሙት ሰዎች አይከብድም ነበር። ቃል ከተነገረ በኋላ እንደ ጢስ ይበንናል፤ ቢቀርም የሚቀረው በሰሚው ልቡና ነው። ሰሚውም የሰማውን አጣምሞ ቢያወራ ተናጋሪው «እኔ እንዲህ አላልሁም» ብሎ ይከራከረዋል፤ ምስክርም ይቆጠራል። ዛሬ ግን ድምፅን ከባለቤቱ ነጥሎ የሚይዝ መኪና ከነገሥታት እልፍኝ ወጥቶ በየቤቱ ገብቷልና ነገሩ ከበደ። እኛም ይህነን የምንጽፈው መኪናውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም፤ መኪናውን በቤቱ ሊያቆም ያሰበ ሰው ዕቃ ሲመርጥ በገንዘቡ ልክ ብቻ ሳይሆን በሕሊናውም እንደሚመርጥ ለመናገር ነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖር ቅኔ የተማረ አንድ ዲያቆን፥ በቤቱ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን የድምፅ መቅረጫ ሊያደርገው አስቦ፥ «የኔታ፥ ምን ዓይነት ማይክሮፎን ልግዛ?» ሲል ጠየቀን። «ምን ልትቀዳበት?» አልነው። «የሸመገሉትን መምህራን ቅኔ፥ ከነዜማው» አለ።

አሳቡ መልካም ነው። ለምን ቢሉ፥ ፊደላችን ብዙ ነገር ሲጽፍ ጥብቀትንና ልላትን አይጽፍም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ በብራና ላይ ግን ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው። የግእዙም ንባብ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ ተብሎ የሚለይበት አካሄድ ከመምህሩ አፍ የሚቀበሉት ነው እንጂ ከመጽሐፍ የሚቀዱት አይደለም። ቅኔ ደግሞ ወርቁን ብዙ ጊዜ የሚሰውረው በዚህ በማይጻፈው ስፍራ ነው። ዋሸራን፥ ጎንጅንና ዲማን የመሳሰሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያሻግሩት የኖሩት ሀብት በቀለም ብቻ ሊያዝ አይችልም። እንግዲህ ቀለም የማይዘውን የሚይዝ መኪና ቢገኝ፥ ባለ ቅኔ እንዴት ይጠላዋል?

ዳሩ ግን በቅኔ ቤት ቋንቋ ባለ ቅኔው ቅኔን ይዘርፋል እንላለን። ባለ ቅኔው ከልቡናው ሲዘርፍ መኪናው ደግሞ ባለ ቅኔውን እንዳይዘርፈው ያስፈራል። ቅኔ የዕለቱ ነው፤ ለዚያ በዓል፥ ለዚያ ጉባኤ፥ ለዚያ ሐዘን የተነገረ ነው፤ አንድ ጊዜ ያቀረበውን ደግሞ በሌላ በዓል ያቀረበ ሰው በሊቃውንት ዘንድ ክብር አያገኝም። እርግጥ ነው፥ መልካም ቅኔ ከሰሚ ወደ ሰሚ ሲሄድ ኖሯል፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በ1963 ዓ.ም በመጽሐፍ አሳትመዋል። ነገር ግን ልቡናና ብርዕ የሚያስቀሩትን ያውቃሉ። የመምህሩን ሳል፥ የተሰናከለችውን ቤት፥ ስለ ባልንጀራው በጨዋታ የወረወራትን ነገር ተማሪው አይሸመድዳትም፤ ጸሐፊውም አይጽፋትም። መኪናው ግን መርሳትን አያውቅም።

ይህ ጭንቅ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1877 ዓመት ፎኖግራፍን ከሠራ ገና ሃያ አንድ ዓመት ሲሆን፥ በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በድምፅ ላከች። ቃሉ የተቀረጸው በሰም በርሜል ላይ ነበረ። ንግሥቲቱም ከተሰማ በኋላ በርሜሉ እንዲሰበር አዝዛ ነበርና ተሰበረ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው በ1899 መልሳቸውን በድምፃቸው ቀድተው ሰደዱ፤ የእነርሱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ባለ ቅኔ ሰው ይህነን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በአንደኛው ሰሙ ተሰብሮ ወርቁ በሰሚው ዘንድ ቀረ፤ በሁለተኛው ሰሙም ወርቁም ኖረ። እኛ የምንመለከተው ግን ይህነን ነው፦ ንግሥቲቱ ድምፅዋን ስትሰጥ እስከ ምን ድረስ እንደምትሰጥ ወሰነች፤ የተቀበሏትም ውሳኔዋን አከበሩ። አደራ ማለት ይህ ነው። ሰጭው የሰጠውን ያህል ይጠበቅለታል፤ ከዚያ በላይ ግን ጠባቂው በገዛ እጁ አይወስድም።

ወደ ዲያቆኑ ጥያቄ እንመለስ። ማይክሮፎን በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው «ኮንደንሰር» የሚባለው ነው። ይህ እጅግ ረቂቅ ጆሮ አለው፤ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ በገመዱ ይላክለታል፤ የመምህሩን የትንፋሽ አገባብ ስንኳ ይሰማል። ከርሱም ጋራ የጎረቤቱን ዶሮ፥ የውሻውን ጩኸት፥ የባጃጁን ጡሩምባ፥ በጓዳ የምትሠራውን እመቤት ንግግር ይሰበስባል። ሁለተኛው «ዳይናሚክ» የሚባለው ነው። እርሱ ጆሮው ደንደን ያለ ነው፤ በፊቱ የቀረበውን ይሰማል፥ የራቀውን ይተዋል፤ ቢወድቅም በቶሎ አይሰበርም። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስ ኤም 58 የሚባለው የአሜሪካ ሥራ ከዚህ ወገን ነው። የነጋዴው ምክር ውዱን ረቂቁን ግዛ የሚል ነው። እኛ ግን በከተማ መካከል፥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፥ ድምፀ ጠንካራ ሽማግሌ ለሚቀዳ ሰው ዳይናሚኩን እንመርጥለታለን። አንደኛው ምክንያት የጥራት ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፦ ሊቀዱ ያልተስማሙ ሰዎች በዚያ ቤት ይኖራሉ። የእናቲቱ የጓዳ ወሬ የቅኔው ጓዝ ሆኖ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ አይገባውም።

ከማይክሮፎኑም ይልቅ ክፍሉ ይበልጣል፤ ይህነን ብዙዎች አያምኑንም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ያለች ናትና በክረምት ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰውና ሰው ስንኳ መደማመጥ ይቸግረዋል፤ በዚያ ሰዓት መቅዳት ከንቱ ድካም ነው። የአባቶቻችን የሣር ቤት ለዚህ ሥራ ከዛሬው ቤት ይሻል ነበር፤ ሣሩ ድምፅን ይውጠዋል፥ ወጣ ገባ ያለው የጭቃ ግድግዳም ይበታትነዋል። በሲሚንቶ የተለሰነው ለስላሳ ግድግዳና የሸክላ ንጣፉ ግን ድምፁን እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። በባዶ ክፍል መካከል ቆመህ አንድ ጊዜ አጨብጭብ፤ ጭብጨባው ተከትሎህ ቢንጫረር ክፍሉ ገና አልተዘጋጀም። ወጣቶቹ የዕንቁላል መያዣ ካርቶን በግድግዳ ሲለጥፉ አይተናል፤ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አይዝም፥ ቀጭን ነውና። የሚይዘው ወፍራም ነገር ነው፤ የጥጥ ፍራሽ፥ በአራት የታጠፈ ጋቢ፥ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ። ብርድ ልብሱንም ከግድግዳው ጋራ አታጣብቀው፤ አንድ ስንዝር አርቀህ ስቀለው፥ የበለጠ ይሠራል። የሚሰቀልበትም ስፍራ አስቀድሞ ከመምህሩ በስተኋላ ነው፤ ማይክሮፎኑ ፊቱን ወደ መምህሩ ሲያዞር ከመምህሩ ጀርባ የሚመለሰውንም ድምፅ ይሰማልና። (ባለ ሙያዎቹ ይህነን የመስሚያ አቅጣጫ «ካርዲዮይድ» ይሉታል፤ ትርጓሜው ልብ የሚመስል ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቅኔ ሳይቀምስ አልቀረም።)

ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፥ በጥቂት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይቁም፤ «በ» እና «ፐ» ሲነገሩ የሚወጣው ነፋስ እንዳይመታው። በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ከፊቱ ቢደረግ የተገዛውን ያህል ይሠራል። «ጠ»፥ «ጨ»፥ «ጸ»፥ «ቀ» ደግሞ ነፋስ ሳይሆን ምት አላቸው፤ ድንገት ይዘልላሉ። ስለዚህ ድምፁን ወደ ቍጥር የሚለውጠው ሣጥን ከመጀመሩ በፊት መምህሩ በከፍተኛው ዜማቸው ጥቂት እንዲያዜሙ ተለምነው፥ መለኪያው ከዜሮ በታች ወደ 12 ዴሲቤል እንዲቆም ይደረጋል። ከዜሮ ያለፈው ይቈረጣል፤ የተቈረጠውን በኋላ የሚመልሰው ጥበብ የለም። በሴኮንድ 48,000 ጊዜ፥ በ24 ቢት ቢቀዳ አንድ ሰዓት ድምፅ 518 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ስፍራ ለመቈጠብ በኤም ፒ 3 በ128 ኪሎቢት ቢጨምቁት ዘጠኝ እጅ ያንሳል፤ የተጣለው ግን ተጣለ። ለዘፈን ጨዋታ ይሁን፤ ለአደራ ግን ሳይጨመቅ ይቀመጥ። መብራት ድንገት የሚጠፋበት አገር ነውና የሚቀዳው ዕቃ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ የተቀዳውም በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ዋናው ፈተና ይመጣል፤ ማረም። በኮምፒውተር የውሻውን ጩኸት መቍረጥ፥ ሳሉን ማውጣት፥ የተንቀጠቀጠውን ዜማ ማቅናት፥ የተሳሳተውን ቃል ከሌላ ስፍራ አምጥቶ መተካት ይቻላል። ዲያቆኑ ሲከራከረን፥ «አስነጋሪስ የተማሪውን ቅኔ ያርም የለምን?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጉባኤ ቤት ልጅ መሆኑ ታወቀ። ዳሩ ግን አስነጋሪ የሚያርመው ተማሪው በፊቱ ተቀምጦ ነው፤ ተማሪውም «እሺ» ብሎ ይቀበላል፥ ወይም «በዚህ መንገድ ብዬ ነው» ብሎ ይሟገታል። በሌሊት ብቻውን በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የመምህሩን ድምፅ የሚያቃና ሰው ግን ማንን ጠየቀ? ውሻውን ቢያወጣ ውሻው የቅኔው ክፍል አልነበረምና አንቃወምም። የሰማንያ ዓመት ሰው ድምፅ መንቀጥቀጡ ግን የሰውዬው ነው። ቃልን በቃል መተካትም፥ ምንም እንኳ ድምፁ የገዛ ራሱ ቢሆን፥ ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ነው። በዚህ ዘመን እንዲያውም ከጥቂት የተቀዳ ድምፅ ተነሥተው ሰውዬው ፈጽሞ ያልተናገረውን በድምፁ የሚያናግሩ መኪናዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ የመምህሩ የጠራ ድምፅ ያለበት ሣጥን እንደ ማኅተም ይጠበቃል፤ ማኅተም በሌላ እጅ ቢገባ የሚያደርሰውን ጉዳት የማያውቅ የለም።

መንቀጥቀጡንና የቤቱን ድምፅ ስለ መተው አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1977 እስከ 1985 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ በዚያ በክፉው ዘመን፥ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች፥ በ2023 ካረፉ በኋላ በ2024 ታትመው ወጥተዋል። ፒያኖውን እየመቱ ራሳቸው ያዜማሉ። ስቱዲዮ የለም፤ ካሴት ብቻ ነው። በመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት ወፎች፥ የወንበሩ መንቋቋት፥ መቅጃውን የሚጫነው ጣታቸው ሳይቀር ይሰማል። አሳታሚዎቹም አላወጡትም፤ መልካም አደረጉ። እኒያ መዝሙሮች ስለ አገርና ስለ መለየት የሚናገሩ ናቸውና ወፎቹ የዚያች አገር ምስክሮች ሆነው ቀርተዋል። ልብ ይሏል፤ ቀድመን የእናቲቱን ወሬ አስወጡ ብለን፥ አሁን ወፎቹን ተዉ ማለታችን እርስ በርሱ አይጣላም። ቤቱም ድምፁም የእማሆይ ነበረ፤ መቅጃውንም የተጫኑት እርሳቸው ናቸው።

ዲያቆኑ ዳይናሚክ ማይክሮፎን፥ ሁለት መግቢያ ያለው ሣጥንና የጆሮ ማዳመጫ ገዛ። በምክራችንም መዝገብ አበጀ፤ የመምህሩ ስም፥ ቀኑ፥ ቅኔው የተነገረበት ምክንያት፥ በመጨረሻም መምህሩ ከሰሙት በኋላ የሰጡት ፈቃድ ይጻፍበታል። ከሰሙት በኋላ ያልነው በአሳብ ነው፤ ሰው ድምፁን ሳይሰማ የሚሰጠው ፈቃድ ያላየውን ውል እንደ መፈረም ነውና። በመጀመሪያ የመጡት ሽማግሌ ሦስት ቅኔ ሰጡት፤ አንድ ጉባኤ ቃናና ሁለት መወድስ። በማዳመጫው ከሰሙ በኋላ ሁለቱን ፈቀዱ። ሦስተኛውን፥ ለአንድ ሰው ቀብር የተነገረውን መወድስ፥ «ይህስ የሐዘንተኞቹ ነው፤ ደምስሰው» አሉት።

ዲያቆኑ በስልክ ደወለልን። ከሦስቱ የሚበልጠው እርሱ ነው አለ፤ እንዲህ ያለ መወድስ ሰምቶ አያውቅም፤ ሽማግሌውም ምናልባት ለከርሞ አይደርሱ ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን እንደሚችል አልካድነውም። ደግሞም ጠየቀን፤ «በሌላው ቤት ያለውን ሁለተኛውን ቅጂ ብቻ ባስቀረውስ?»

ከሁለቱም ቤት እንዲደመስሰው ነገርነው።