ጥሩር የሌለው ሰው መከታው ምንድን ነው?

አንድ ማታ አሶሳ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሻማ ከበን ተቀምጠን ነበር። ከደብረ ዘይት የመጣው ጓደኛችን (ቢሾፍቱ በላት ብትሉት አይሰማም) ሃያ ገጽ ያለው ዳይስና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የወየበ መጽሐፍ ይዞ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የፈረንጅ ጨዋታ ሊያስተምረን ይጥራል። ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። የሚያጠቃው ዳይስ ይጥላል፣ ችሎታውን ይደምራል፤ ድምሩ የተጠቂው መከላከያ ቁጥር ላይ ካልደረሰ መታ አይባልም። በ2014ቱ ሕግ ሙሉ የብረት ጥሩር የለበሰ ሰው ቁጥሩ 18 ነው። ምንም ያልለበሰ ተራ ሰው ግን ከ10 ተነሥቶ ቅልጥፍናው ብቻ ይጨመርለታል።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ዓይነት ተዋጊዎች ከዚህ ሕግ ወጣ ይላሉ። አንደኛው «አረመኔ» የተባለው ነው (ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም)፤ ደረቱን ገልጦ ሲወጣ የሰውነቱ ጥንካሬም ይደመርለታል። ሁለተኛው መነኩሴው ነው፤ ለሱ የሚደመርለት ጥበቡ ነው። ጥበብ! ሁለቱም ችሎታዎቹ ጫፍ ከደረሱ ቁጥሩ 20 ይሞላል፤ ብረት ለባሹን በለጠ ማለት ነው። ጥሩር ከለበሰ ወይም ጋሻ ካነሣ ደሞ ይህ ጸጋው ይቀርበታል።

ነገሩ ለኛ እንግዳ አልሆነብንም። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር አውልቆ በጠጠርና በወንጭፍ መውጣቱን ያልሰማ ማን አለ? ነሐስ የለበሰው ጎልያድ ግንባሩን ተመትቶ ወደቀ። ስለዚህ አብዛኞቻችን «ልክ ነው፣ ሰውን የሚጠብቀው ልቡ ነው» አልን።

አንዱ ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ለመሆኑ ያ ቁጥር ለምን ተሰጠው?» አለን።

መልሱ ቀላል ነው፤ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ባዶ ደረቱን የመረጠ ተጫዋች እንዳይጎዳ ሕግ ጻፊው ካሰው። ከጨዋታው ውጭ እንዲህ ያለ ካሽ የት አለ? በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ሲያወርዱበት የራስ እምሩ ሠራዊት ድፍረት ጎድሎት ነበር? ቅልጥፍና ጎድሎት ነበር? ኢጣሊያ እኮ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማለች። ባዶ እግሩን ለቆመ፣ ጭምብል ላልነበረው ሰው ጥበቡ ምን ላይ ይደመርለት? እኛ ግን ስለዚያ ዘመን ስናወራ ጀግንነቱን እናነሣና ጭምብሉን እንረሳዋለን።

ጥበብ መከታ አይሆንም ማለታችን አይደለም። ገጠር ያደገ ሁሉ ዱላ መመከት ያውቃል፤ ከክንድ ይልቅ ዓይን ይቀድማል። የዚያ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ወርቅ ቆፋሪ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጉድጓዱ ጠባብ፣ ራስ ላይ ቆብ የለ፣ ግድግዳው ድጋፍ የለው። ወንድምዬው አፈሩን በመዳፉ ያሻል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከጠረጠረ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተርፎበታል። ከዚህ የበለጠ የመነኩሴ ጥበብ ከየት ይምጣ?

«ወርቁን የሚገዛው ሰውዬ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?» አለን። «'እነሱ ለምደውታል' ነው የሚለው።»

ዝም አልን። ይህችን ቃል እኛም ስንት ጊዜ ብለናታል! ስለ ተሸካሚው፣ ስለ ግንበኛው፣ ውኃ ስለምትቀዳው እናት። ዳዊት እኮ ጥሩሩን እምቢ ያለው ከቀረበለት በኋላ ነው። ንጉሥ በእጁ ያለበሰውን ነው ያወለቀው። የጨዋታው መነኩሴም ቢሆን መርጦ ነው። ለቆፋሪው ግን ቆቡን ማን አቅርቦለት ነው እምቢ ያለው? ያልቀረበለትን ሰው «በጥበቡ ይኖራል» ብሎ ማወደስ፣ በኛ አስተያየት፣ ሌላው ሊከፍል የሚገባውን ዕዳ በምስጋና መሰረዝ ነው። ከመካከላችን ይህን አጥብቆ የተቃወመ አለ፤ «ምስጋናውንም ከነሣችሁት ምን ቀረው?» ይላል። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እስካሁን እንከራከርበታለን።

ጨዋታው ሲቀጥል ያ ጓደኛችን መነኩሴውን አስቀምጦ፣ «ለዚህ ሰው ጥሩር እንግዛለት፤ መልበስ አለመልበሱን ራሱ ይወስን» አለ። የደብረ ዘይቱ ልጅ መጽሐፉን ገለጠ። ሙሉ የብረት ጥሩር 1500 የወርቅ ሳንቲም ነው። መነኩሴው ኪስ ውስጥ ያለው 15 ነበር።