ፓውሉስ እምቢ ማለት የነበረበት መቼ ነው?

ፍሪድሪክ ፓውሉስ ለሂትለር የገባውን መሐላ አላፈርስም ብሎ አንድ ሙሉ ሠራዊት አስፈጀ ይባላል። የሚያዝኑለት ደግሞ ወታደር ነውና ከመታዘዝ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው ይላሉ። ከሳሹም ተከራካሪውም የሚነሡት ከመሐላው ነው። እኔ ግን መሐላው ይህን ሰው በእርግጥ አስሮት ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ካላሰረው የሠራው ሁሉ የገዛ ፈቃዱ ነውና፣ ፍርዱም ሌላ ይሆናል።

ከጭንቁ ሰዓት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1942 የሶቪየት ጦር ማጥቃት ጀመረና በአራት ቀን ውስጥ ፓውሉስ የሚያዝዘውን ስድስተኛውን የጀርመን ጦር ስታሊንግራድ ላይ ከበበው። ሂትለር ከያዛችሁት ቦታ አትነቃነቁ አለ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ ስንቁን በአውሮፕላን አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ጦሩ ቢያንስ በቀን 300 ቶን ያስፈልገው ነበር። የደረሰው በአማካይ 100 ቶን ያህል ነው። በፓውሉስ ሥር የነበረው ጀነራል ዛይድሊትዝ ፈቃድ ሳንጠብቅ ሰብረን እንውጣ ብሎ በጽሑፍ ወተወተ። ፓውሉስ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሲከለከልም እዚያው ቀረ።

ይህን ይዤ ልፈርድበት ስል አእምሮዬ ይሞግተኛል። ነዳጅ አልነበረውም፤ መድፍ የሚጎትቱት ፈረሶች አብዛኞቹ ለክረምቱ ወደ ኋላ ተልከዋል። በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ሲወጣ ሠራዊቱ ቢያልቅስ? ፓውሉስን ሊያድን የተላከውን ጦር የመራው ማንሽታይንም በኋላ በጻፈው ማስታወሻ፣ የተከበበው ጦር ብዙ የሶቪየት ኃይል ይዞ ባይቆይ ኖሮ ካውካሰስ የነበረው የጀርመን ጦር ባላመለጠ ነበር ሲል ተከራክሯል። ስለዚህ የኖቬምበሩን መታዘዝ ብቻውን ይዤ ጥፋተኛ ልለው አልችልም።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1943 ግን ሌላ ነው። ሊያድነው የመጣው ጦር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ተመልሷል፤ ወታደሩ በረሃብና በብርድ ይረግፋል። ሶቪየቶች እጅ ከሰጣችሁ ምግብና ሕክምና ታገኛላችሁ አሉ። ፓውሉስ እምቢ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው አለቀ። ጃንዋሪ 30 ሂትለር የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ላከለት፤ እስከዚያ ቀን የተማረከ የጀርመን ፊልድ ማርሻል አልነበረምና መልእክቱ ራስህን ግደል ማለት ነበር። ፓውሉስ በማግስቱ ከአንድ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት በሕይወት ወጥቶ ተማረከ።

እንግዲህ መሐላው የማይፈታ ማሰሪያ ከሆነ፣ በዚያ ሌሊት እንዴት ፈታው? የጌታውን ፈቃድ መጣስ እንደሚቻል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ራስን ማጥፋት ኃጢአት ነውና እምቢ ማለቱ ትክክል ነው የሚለኝ ቢኖር እስማማለሁ። ግን ስለ አንዲት ነፍስ እምቢ ለማለት የቻለ ሰው ስለ ብዙ ሺህ ነፍስ እምቢ ማለት አቃተው ሲባል ልቤ አይቀበለውም። ከተማረኩት 91,000 ያህል ሰዎች አገራቸውን ዳግመኛ ያዩት ከስድስት ሺህ አይበልጡም።

እዚህ ላይ ልቆም ነበር፤ ነገር ግን የበለጠ የሚከብድ ጥርጣሬ መጣብኝ። እስካሁን የቆጠርሁት የጀርመኖችን ሙታን ብቻ ነው። ሠራዊቱ ወደ ቮልጋ ወንዝ ምን ሊሠራ መጣ? ኦገስት 23 ቀን 1942 በቦምብ የነደደችው ከተማ ሕዝብ፣ በከበባው ውስጥ ጀርመኖች በያዟቸው ሰፈሮች በረሃብ ያለቁት የሶቪየት ምርኮኞች በማን ይቆጠራሉ? ይህን ስጠይቅ ወደ 1940 እመለሳለሁ። ከዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ጀምሮ ፓውሉስ የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ የሃልደር ምክትል ነበር። ሶቪየት ኅብረትን የመውረሩን ዕቅድ ካዘጋጁት ዋነኞች አንዱ እሱ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በካርታ ላይ የተደረገውን የጦርነት ልምምድ የመራውም እሱ ነው። የስንቅ ችግሩ ያኔ በወረቀት ላይ ታይቶት ነበር። ሩማንያዊቷ ሚስቱ ኤሌና ይህ ወረራ ፍትሕ የለውም ብላ እንደተከራከረችው ይነገራል።

ያን ጊዜ ረሃብ የለ፣ ከበባ የለ። ሥራውን የሠራው በትጋት ነው፤ በዚያም ከፍ ከፍ አለ። መሐላዬ አስገደደኝ የሚል ክርክር የሚሰማው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያን የጠቅላይ ኤታማዦር መሥሪያ ቤት ከሃልደር በፊት ይመራ የነበረው ሉድቪሽ ቤክ፣ በቼኮዝሎቫኪያ ላይ የታሰበውን ጦርነት ተቃውሞ በኦገስት 1938 ሥልጣኑን ለቋል። ቤክም መሐላውን ምሏል። በመልቀቁም ያን ጊዜ አልታሰረም፣ አልተገደለም። ስለዚህ ከዚያ ወንበር መነሣት ይቻል ነበር፤ እኔ ፓውሉስን የምከስሰው ከጃንዋሪ 1943 ይልቅ በዚህ ነው።

ፌብሩዋሪ 1946 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ፓውሉስ ለሶቪየት ዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ዕቅዱ የወረራ ዕቅድ መሆኑን መሰከረ፤ ጥፋተኞቹ እነማን ናቸው ሲባል የሂትለርን የጦር አማካሪዎች ካይትልን፣ ዮድልንና ጎሪንግን ጠራ። ይህ ንስሐ ነው ወይስ የምርኮኛ አንደበት? ልቡን መመርመር አልችልም፤ የመሰከረው ግን ከሰነዶቹ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ምስክርነቱን እቀበላለሁ። የተከሳሾቹ ጠበቆች ግን አንተስ በዕቅዱ ውስጥ አልነበርህም ወይ እያሉ አፋጠጡት። ደንበኞቻቸውን ለማዳን የጠየቁት ቢሆንም ጥያቄው ትክክል ነበር። ፓውሉስ ግን በ1953 ተፈትቶ ድሬስደን ተቀመጠ፤ በ1957 እስኪሞት ድረስም በዚያ ዕቅድ ለፍርድ አልቀረበም።