ኤል ያጠመደው የላይትን ልብ ነው

ልጄ፣ ሰሞኑን በተገናኘን ቁጥር የምታነሳብኝ ላይት ያጋሚን ነው። «እንደሱ ማሰብ ብችል!» ትላለህ። እሱ ያለበትን ዴዝ ኖትን እኔም 37ቱንም ክፍል ጨርሼ አይቼዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የጃፓን አኒሜ ላይ ማፍጠጤ የቤቱን ሰው ሲያስቅ ከረመ እንጂ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ስለዚህ ተወው አልልህም። የምልህ ሌላ ነው፦ እንደሱ ያሉ ሴራ ጠንሳሾችን ስታይ፣ ካሸነፉበት ይልቅ ዕቅዳቸው የተሰነጠቀበትን ቦታ ለይተህ እይ።

ላይት ስሙን የጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር አለው፤ ዓለም የሚያውቀው ኪራ በሚል ስም ነው፤ የሚያሳድደው መርማሪ ደግሞ ኤል ነው። ያን የቴሌቪዥን ስርጭት አስታውስ። ሊንድ ኤል ቴይለር የተባለ ሰው ብቅ ብሎ «ኤል ማለት እኔ ነኝ» አለ፤ ስርጭቱ በመላው ዓለም እየተላለፈ ነው ተባለ። ሰውዬው ኪራን ክፉ ነህ ብሎ ወረፈው። እስከዚያች ደቂቃ ላይትን የሚጠረጥረው አንድም ሰው አልነበረም። ዝም ቢል ማን ያገኘው ነበር? ግን ተሰደበ፤ ደሙ ፈላ፤ የሰውዬውን ስም ጻፈ። ከ40 ሰከንድ በኋላ ሰውዬው ካሜራው ፊት ተደፋ።

ወዲያው የእውነተኛው ኤል ድምፅ መጣ። የሞተው ለካ በዚያው ቀን ሊገደል የነበረ የሞት ፍርደኛ ነው። ስርጭቱም የተላለፈው ለጃፓኑ የካንቶ አካባቢ ብቻ ነው። ኤል ከወንበሩ ሳይነሳ ገዳዩ ካንቶ ውስጥ እንዳለ፣ አጠገብ ሳይደርስም መግደል እንደሚችል አወቀ። «በል እኔን ግደለኝ» ብሎ ሲጠራውና ሳይሞት ሲቀር ደግሞ፣ ኪራ ሊገድለው የማይችለው ሰው እንዳለ አረጋገጠ። ይህን ሁሉ ያገኘው በጭንቅላት ስለበለጠው አይመስለኝም። ኪራ ስድብ እንደማይችል ገምቶ ነው።

ላይት ከዚህም አልተማረም። የሟቾቹ ሰዓት ሲጠና ኪራ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ መጣ። እሱ ምን አደረገ? በማግስቱ እስረኞችን በየሰዓቱ አንድ አንድ እያለ ገደላቸው። ሆን ብሎ ነው፤ ኤልንና ፖሊሶቹን ሊያቃቅር። ነገር ግን የፖሊስ ቤት ምስጢር ጆሮው እንደሚደርስ በገዛ እጁ መሰከረ። ብልጠቱን የሚያሳይበት መድረክ ባይፈልግ ኖሮ ዕድሜው ይረዝም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እንደነሱ ቶሎ አይመጣልኝም ብለህ አትሸማቀቅ። ታሪኩን የጻፈው ጹጉሚ ኦባ፣ የሣለው ታኬሺ ኦባታ ነው፤ ከ2003 እስከ 2006 በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ላይ ነው የታተመው። ላይት በአንድ ሰከንድ ያሰበው የሚመስልህን ነገር ደራሲው ስንት ሌሊት አብሰልስሎታል። ደራሲው ደግሞ የሁለቱንም ተጫዋቾች ካርታ እያየ ነው የሚጫወተው።

ሌላውን ሴራ ጠንሳሽ፣ የኮድ ጊያስ አኒሜውን ሌሉሽ፣ አልፈዋለሁ። በቀልድ ከአፉ ያመለጠች አንዲት ትእዛዝ ያስከተለችውን እልቂት አይተሃል፤ ይበቃል።

ሺካማሩ ናራ ላይ ግን ቆም በል። አንተ ናሩቶ የተባለውን አኒሜ ስታይ ትዘለዋለህ፤ ሰነፍ ነው፣ ደመና ሲያይ ይውላል ብለህ። ችሎታው ሰውን በጥላው መያዝ ነው። ወደ ቹኒን ማዕረግ በሚያሳድገው ፈተና ከቴማሪ ጋር የገጠመ ዕለት፣ ልጁ ናሩቶ ቀደም ብሎ የቆፈረው ጉድጓድ ድረስ እየሳበ ወሰዳት፤ ጥላውን በጉድጓዱ አሳልፎ ከኋላዋ ያዛት። ጨዋታው አለቀ ሲባል እጁን አነሳና «ተሸንፌያለሁ» አለ። ቻክራው፣ ማለትም ጉልበቱ፣ ሊያልቅ ነዋ፤ የቀረውን አስልቷል፣ አይበቃውም። ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ ፈተና ወደ ቹኒን ያደገው ብቸኛው ልጅ ግን እሱ ነው። ፈታኞቹ የፈለጉት ሰው የሚመራ እንጂ የሚያሸንፍ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ የመጀመሪያ ተልእኮውን መራ፤ መንደሩን ጥሎ የሄደውን ሳሱኬን ለመመለስ። ጓደኞቹ ቾጂና ኔጂ ለሞት ተቃርበው ተመለሱ። ሐኪም ቤት ሲጠብቅ ይህን ሥራ እተዋለሁ ብሎ ነበር፤ አባቱ ገሠጸው። ጓደኞቹ ተረፉ ሲባል ዓይኑ እንባ ሞላ። እዚህ ላይ ከላይት ጋር አስተያያቸው። ላይት የምታፈቅረውን ሚሳን ልትሞት እንደምትችል እያወቀ ስንት ጊዜ መሣሪያ አደረጋት፤ አንድ ቀን እንኳ አዝኖላት አያውቅም። አንተም ባለፈው ስለ ክፍል ጓደኛህ ስታወራኝ «እንዲህ ብዬው እንዲህ እንዲያደርግ አደርገዋለሁ» ስትል ሰማሁህና ደስ አላለኝም። ልጁ እኮ የሚያምንህ ጓደኛህ ነው። ከእሱ የምትፈልገው ነገር ካለ በቀጥታ ጠይቀው፤ እምቢ ካለም እምቢ ይበል።

አንድ ሰው ልጨምርልህ፤ ያንግ ዌንሊ ይባላል። ዮሺኪ ታናካ ከ1982 ጀምሮ በጻፋቸው «የጋላክሲው ጀግኖች አፈ ታሪክ» በተባሉ ልብ ወለዶች ውስጥ ያለ የጦር መሪ ነው። ምኞቱ የታሪክ ተመራማሪ መሆን ነበር፤ አባቱ ሲሞቱ ገንዘብ አጣና በነፃ ስለሚያስተምር ብቻ ጦር አካዳሚ ገባ። የማይደፈር የተባለውን የኢዘርሎን ምሽግ በግማሽ ጦር ያዘው። ሰዎቹን የጠላት ልብስ አልብሶ፣ እርዳታ የሚሹ አስመስሎ በበሩ አስገባቸው። ከራሱ ወገን አንድም ሰው አልሞተበትም።

ያንግ ምሽጉን የያዘው ጦርነቱ ይበርዳል፣ እኔም ጡረታ እወጣለሁ ብሎ ነው። መልቀቂያ አስገባ፤ አልተቀበሉትም። ምርጫ የቀረበባቸው ፖለቲከኞች በድሉ ልባቸው አብጦ ወደ ጠላት አገር 30 ሚሊዮን ወታደር አዘመቱ። 20 ሚሊዮኑ አልተመለሰም። ዕቅዱ እንከን አልነበረውም፤ ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን ሌሎች ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት። እንዲህ ያለ ነገር በአኒሜ ብዙ አይታይም፤ አብዛኛው ደራሲ ድሉ ላይ መጋረጃውን ይዘጋል።

ከልብ ወለዶቹ የተሠራውና ከ1988 ጀምሮ የወጣው አኒሜ 110 ክፍል ነው፤ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ስሙም የሚበዛ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ታገሣቸው፤ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወረቀት ላይ እየጻፍክ እይ፣ እኔም እንደዚያ ነው የዘለቅኩት። ያ ዘመቻ የሚያበቃበት አምሪትሳር የሚባለው ጦርነት ላይ ስትደርስ ደውልልኝ፤ ያንግ ከዚያ በኋላም የጦር ልብሱን ሳያወልቅ መቆየቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንከራከርበታለን።