ግቢያችን ውስጥ የታሰረው ውሻ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን ቀርተናል፤ ያልቀራንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቀራለን ኢንሻአላህ። በዚህች ሱራ ውስጥ በየሳምንቱ የምናገኘው አንድ ውሻ አለ። ኢማናቸውን ይዘው ከሕዝባቸው ሸሽተው ዋሻ የገቡት ወጣቶች በተኙበት ጊዜ እርሱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ መግቢያው ላይ ነበር (አንቀጽ 18)። ወረድ ብሎ በአንቀጽ 22፣ ሰዎች ስለ ወጣቶቹ ቁጥር ሲከራከሩ ሦስት ያለውም፣ አምስት ያለውም፣ ሰባት ያለውም ውሻውን ጨምሮ ነው የቆጠረው። ስሙ ማን ነበር፣ ቀለሙስ ምን ነበር በሚለው ላይ ብዙ ተወርቷል። ቁርኣኑ አልነገረንምና አንድከምበት።

ከዚህ ሱራ ተነስተን ወደ ግቢያችን እንውጣ። ዘበኛ ይሆነናል ብለን ያመጣነው ውሻ የት ነው ያለው? በብዙ ቤት ቡችላ ሆኖ በገባ በሳምንቱ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ የሚፈታው ሲሞት ነው። በበጋ ፀሐይ ላይ፣ በክረምት ጭቃ ላይ ይውላል። የውኃ ዕቃው ወይ ደርቋል ወይ አረንጓዴ ሆኗል። ማታ ካላዘነ ድንጋይ ይወረወርበታል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ነጃሳ ነው፣ ማን ይጠጋዋል?»

ይህ መልስ ነው ዛሬ የሚያሳስበኝ። ዲኑ ስለ ውሻ ሕግ እንዳለው እናውቃለን። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ ቂራጥ እንደሚጎድልበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ቤትን መጠበቅን ብዙ ዑለማዎች በነዚህ ላይ ቀያስ አድርገው ፈቅደውታል። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንዲሆን ታዝዟል። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ ምራቁ ነው፤ ኢማሙ ማሊክ ደግሞ ውሻው ራሱ ንጹሕ ነው፣ ዕቃውን ማጠቡ ዒባዳ ነው ይላሉ። የየመዝሀባችሁን ያዙ። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ስለ እኛ ዕቃ፣ ስለ እኛ ልብስና ስለ እኛ ሶላት የሚናገሩ ሕጎች ናቸው። የሚያዙን እንድንታጠብ ነው። ውሻውን አስጠሙት የሚል በአንዱም ውስጥ የለም።

እንዲያውም ተቃራኒው ነው ያለው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ላይ አንድ ሰው በመንገድ ላይ ክፉኛ ተጠምቶ ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ ከጥማት የተነሳ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። የራሱን ጥማት አስታውሶ ተመልሶ ወረደ፤ ኹፉን ውኃ ሞላና በአፉ ነክሶ ወጣ፤ ምክንያቱም በሁለት እጁ ግድግዳውን መቧጠጥ ነበረበት። አላህም ማረው። ያ ኹፍ በኋላ ታጥቧል ወይ የሚለውን ዑለማዎች ተወያይተውበታል፤ ማጠቡ ይደርሳል፣ ጥማቱ ግን አይጠብቅም ነበር። ከበኒ ኢስራኢል የሆነችውን ሴተኛ አዳሪም ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ የማረቻት ምክንያት ለውሻ በጫማዋ የቀዳችው ውኃ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ በድመት ምክንያት እሳት የገባችው ሴት አለች። የዚያን ሐዲስ ቃል በደንብ ስታዩት ጥፋቷ መታሰሩ ላይ ነው፤ ዘግታባት አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፣ የምድር ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። የሰፈር ውሻ ተርቦም ቢሆን ሄዶ ይፈልጋል። በሰንሰለት የታሰረው ግን ከእጃችን በቀር መውጫ የለውም። ሰንሰለቱን ያሰረ ሰው ሪዝቁን በራሱ ላይ አማና አድርጎ ወስዷል። ፉቀሃዎችም የእንስሳ ቀለብ በባለቤቱ ላይ ግዴታ ነው ብለው ነው የጻፉት፤ እምቢ ካለ ቃዲ ያስገድደዋል።

ከፊቅህ ኪታቦች ደግሞ አንድ መስአላ ልጨምር፤ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ነው። ለውዱእ የሚበቃ ውኃ ብቻ ያለው ሰው፣ አጠገቡ የማይናከስ የሚጠቅም ውሻ ተጠምቶ ቢያገኝ፣ ሻፊዒዮች ውኃውን ለውሻው ስጥና አንተ ተየሙም አድርግ ይሉታል። ይህን የሚሉት ውሻው ሁለመናው ነጃሳ ነው የሚሉት ዑለማዎች ራሳቸው ናቸው!

ስለዚህ ለውሻው የራሱ ሰሃን፣ የራሱ የውኃ ዕቃ ይኑረው፤ ከቤት ዕቃ አይደባለቅ። ጠዋት ለሱብሕ የተነሳ ሰው ውኃውን ለመቀየር ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ጥላ ይሠራለት፤ በሩ ሲዘጋ ማታ ይፈታ፤ ሌባም የሚፈራው የተፈታውን ነው። ደረቅ አካሉ ደረቅ ልብሳችሁን ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ነው የሚደነግጠው። ሴት ቡችሎችን በጆንያ አድርጎ ወንዝ ዳር መጣልን ግን ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ማሳደግ ያልቻለ የሚወስድ ሰው ይፈልግ።

ልጆቻችንም ይታዩ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዶሮ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን አግኝተው፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረግመዋል ብለው ነግረዋቸዋል። ከመድረሳ ሲመለሱ የተኛ ውሻ ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች ይህን ሐዲስ ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይስሙ?

ማዘን ማለት ግን አለመጠንቀቅ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻችሁን አስከትቡ። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተናካሽ ውሻን መግደል በሐዲስ የተፈቀደ ነው፤ እርሱም ቢሆን በኢሕሳን እንጂ በማሰቃየት አይደለም።

ወሏሁ አዕለም።