የመንታ እናት ፍርድ

«የመንታ እናት ተንጋላ ትሞታለች» ይላል ተረቱ። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በሁለት ወገን መካከል ገብቶ ለማንም ሳያደላ ራሱ ለሚጎዳ ሰው ነው። ሽማግሌው፣ ዳኛው፣ ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ፣ ሁሉም ራሱን በዚህች እናት ይመስላል። እሷ ራሷ ግን፣ ማለትም በእውን ሁለት ልጅ በአንድ ምጥ የተገላገለችው ሴት፣ በተረቱ ውስጥ እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ሰው ስትታይ እምብዛም አይገጥምም። ወደ ቀኝ ብትዞር የግራው ያለቅሳል፤ ወደ ግራ ብትዞር የቀኙ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ፊቷን ወደ ጣራው መልሳ በጀርባዋ ትተኛለች። ለማንም አላደላችም። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን በጀርባዋ የተኛች እናት ማንንም አታጠባም። እንከን የማይወጣለት እኩልነት ሦስቱም የሚጎዱበት ሁኔታ ሆኖ ተገኘ።

በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ከመርካቶ ግርግር ብዙም በማይርቅ፣ በአንድ በር የሚገባና የሚወጣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት የጋራ ግቢ ውስጥ መንታ የምትወልድ እናት ትታሰብ። ስም አያስፈልጋትም፤ እንደ እሷ ያሉ ብዙዎች ናቸውና። ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል፤ በሰላም ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል። እልልታው ግን በቁጥር ነው፤ ለወንድ ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል። ቀድሞ የወጣው ወንድ፣ ተከትላ የወጣችው ሴት ብትሆን፣ በአንድ ማህፀን አድረው የመጡ ሁለት ልጆች ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ በደጃፍ ላይ ተመዝነው አንዱ ከብዶ፣ አንዷ ቀልላ ተገኘች ማለት ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ የገባችው ጎረቤት ገንፎውን ስታገነፋ ይህን አታስብም። እናቲቱም በዚያች ሰዓት የምታስበው ሌላ ነው።

የመንታ ምጥ ከነጠላ ምጥ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለያል። አንድ ልጅ የወለደች ሴት ከጭንቁ ወጥታ ወደ ደስታው ትሻገራለች፤ የመንታ እናት ግን በሁለቱ መካከል ቆማ ትቆያለች። የመጀመሪያው ተወልዶ እያለቀሰ ሁለተኛው ገና በማህፀን ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ እናትም ምጠኛም ናት። አዋላጆች እንደሚያውቁት ይህች ጊዜ የአደጋ ጊዜ ናት፤ ቦታ የሰፋለት ሁለተኛው ልጅ አግድም ሊዞር፣ እትብቱ ከራሱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ከመጠን በላይ የተለጠጠው ማህፀንም ከወሊዱ በኋላ በወጉ ሳይኮማተር ቀርቶ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልጅ ድምፅ እየሰማች፣ ፊቷን ከእሱ መልሳ፣ ለማታየው ልጅ ታምጣለች። የጡትና የልብስ ጥያቄ ገና ሳይነሣ የመጀመሪያው ፍርድ ተፈጽሟል፤ ይኸውም የሚሰማው እንዲጠብቅ፣ የማይሰማው እንዲቀድም ሆኗል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሰውነቷ ፈረደ፤ ፍርዱም ትክክል ነበር። (ስለ መቅደምና መከተል ከተነሣ፣ በኦሪት ዘፍጥረት የትዕማር አዋላጅ አስቀድሞ በወጣው እጅ ላይ ቀይ ክር ብታስርም እጁ ተመልሶ ሌላው ቀድሞ እንደ ተወለደ ተጽፏል። ታላቅነት በክር የሚታሰር ነገር አልሆነም።)

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ሰውነት ብቻውን አይፈርደውም። መንትዮች ብዙውን ጊዜ ጊዜያቸው ሳይደርስ ይወለዳሉ፤ ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሚሆነው በርካቶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ማነሱም የተለመደ ነው። እንግዲህ ወንዱ ጠንካራ፣ ሴቲቱ ደካማ ሆና ለመጥባት እንኳ አቅም ቢያንሳት፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ ያጣችው እናት በልቧ «ምነው አንድ ብቻ በሆነ» ትል ይሆናል። ይህ ቃል ከአፍ አይወጣም። አራስ ጠያቂ ከሞላው ቤት ውስጥ ያሰበችው ሌላ ሴት ብትኖርም አትናገረውም። የይስሐቅ ሚስት ርብቃ እንኳ ሁለቱ በሆዷ ሲገፋፉ በኑሮዋ እስከ መማረር ደርሳለች፤ ኋላም ከሁለቱ ያዕቆብን አብልጣ እንደ ወደደች መጽሐፉ አልደበቀውም። የተክለ ሃይማኖቷ እናት ግን ያሰበችውን በማሰቧ ብቻ ራሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ ትቆጥራለች።

ይህ ሐሳብ ወንጀል ነውን? አይደለም። የደከመ ሥጋ ጩኸት ነው፤ ያሰበችውም እናት ወዲያው ተነሥታ ሁለቱንም ታቅፋለች። አደጋው ያለው በሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡ በቤቱ ውስጥ ደጋፊ ሲያገኝ ነው። «ለዚህኛው ይተጋ፤ ያቺ የእግዜር ናት» የሚል አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። በደቡብ ኦሞ በካራ ሕዝብ ዘንድ «ሚንጊ» በሚባለው ልማድ መንታ ሆነው የተወለዱ ሕፃናት መቅሠፍት ያመጣሉ ተብለው ይገደሉ ነበር፤ የካራ ሽማግሌዎች ልማዱን በይፋ ያስቀሩት በ2004 ዓ.ም. ነው። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል፤ መዘግነኑም ተገቢ ነው። ይሁንና ደካማይቱን በዝምታ ለዕድሏ የሚተው ቤት ከዚያ ልማድ የሚለየው ሥራው ስምና ሥርዓት ስለሌለው ነው። የሚወቀስ ሽማግሌ የለም፤ የሚሻር ደንብም የለም።

ኅሊና ያለው ቤተሰብ ደግሞ በተቃራኒው «ለሁለቱም እኩል» ይላል። አንድ አንድ ጡት፣ እኩል እኩል ደቂቃ። ሲሰሙት መልካም ነው። ነገር ግን ጠንካራው በአሥር ደቂቃ የሚጠግበውን ደካማይቱ በአሥር ደቂቃ አፏን እንኳ አታረጥብበትም። አርስጣጣሊስ በቁጥር እኩል መሆንን በተገቢው መጠን እኩል ከመሆን ለይቶ ነበር። ካርል ማርክስም እ.አ.አ. በ1875 የጎታን ፕሮግራም ሲተች፣ እኩል ባልሆኑ ሰዎች ላይ አንድ መለኪያ ማዋል እኩልነት አለመሆኑን፣ ይልቁንም አለመመጣጠንን ማጽደቅ እንደ ሆነ አሳይቷል። ሁለቱንም ያላነበበች እናት ይህንኑ በጡቷ ታውቀዋለች። ደካማይቱ ትቅደም ማለት ግን ጠንካራው ይራብ ማለት ነው፤ ለቅሶውም የእውነት ለቅሶ ነው። ጠንካራ ሆኖ መወለድ ጥፋት አይደለም። ትክክለኛ ፍርድም ቢሆን የሚያስለቅሰው ንጹሕ ሰው አለ፤ ይህን መካድ ፍርዱን አያቀለውም።

ደግነቱ ወተት እንደ ጎተራ እህል የተሰፈረ አይደለም። በተጠባ ቁጥር ይጨምራል። ጠንካራው አንዱን ጡት ሲስብ በሌላው በኩል ያለው ወተትም አብሮ ይወርዳል፤ በዚያ በኩል የተጠጋችው ደካማይቱ በጥቂት ጉልበት ብዙ ታገኛለች፤ ካልቻለችም ታልቦ በስኒ ይሰጣታል። ስለዚህ ወንድሟ ተቀናቃኟ ብቻ ሳይሆን ሳያውቀው አጋዧ ነው። ሙቀትም እንዲሁ ነው። እ.አ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ባዶ ደረት ላይ ማሳቀፍ ጀመረ፤ ዘዴው ልጇን በኪሷ በምትይዘው እንስሳ ስም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። ከተክለ ሃይማኖት በእግር በሚደረስበት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይኸው ተፈትኖ እ.አ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ ሳይዘገይ በእናት ገላ ከታቀፉት ትንንሽ ሕፃናት 22.5 በመቶ ሲሞቱ በተለመደው መንገድ ከተያዙት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። ደረት ከሣጥን በልጦ ተገኘ።

ነገር ግን ደረት ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። የመንታ እናት ሁለቱን በአንድ ላይ ብትታቀፍም መብላት፣ መታጠብ፣ መተኛት አለባት። ያን ጊዜ የአባት ደረት ያሞቃል፤ የአያትም ደረት ያሞቃል። እዚህ ላይ ነው ተረቱ ያልተናገረው ነገር የሚታየው። ሴትዮዋ ተንጋላ የምትሞተው መፍረድ አቅቷት ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። አንድ ለወለደችም ሁለት ለወለደችም ያው ነው፤ መለኪያው አንድ ነው። በመርካቶ ዙሪያ ጉልት ይዛ ለምትውለዋ ሴት ደግሞ ይህም የለም፤ የእሷ ፈቃድ ጎረቤቷ ናት። አንዷ አጥሚት ታፈላለች፤ አንዷ የሽንት ጨርቅ ታጥባለች፤ አንዷ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሩን አንኳኩታ፣ ሳትጠየቅ፣ የሚያለቅሰውን ወስዳ ከነጠላዋ ሥር ታደርገዋለች። እናቲቱም በጎኗ ዞራ ትተኛለች።

በሥርዓቱ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። እንግዲህ በ40ኛው ቀን ማለዳ ወንዱ ተጠቅልሎ ከግቢው ሲወጣ ሴቲቱ ትቀራለች። በዚያች ማለዳ ግቢው የሚጠያየቀው ስለ ድግሱ ብቻ አይደለም። ክብደቷ ጨምሮ፣ ጉንጯ ሞልቶ የምትቆየዋን ልጅ ማን ይዞ እንደሚቀር ከዋዜማው ጀምሮ ሲነጋገሩበት ያድራሉ፤ ይዛት ለመቅረት የሚሽቀዳደሙትም ከአንድ በላይ ናቸው።