ከ48ኛው ሰዓት በፊት የሞቱት

ዘፋኙ ስቲቪ ዋንደር በ1950 ሚሺጋን ውስጥ ሲወለድ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቀኑ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ያህል ይቀረው ነበር። ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ኦክስጅን ተሰጠው። ነፍሱ ተረፈች፣ ዓይኑ ግን ጠፋ። በዚያ ዘመን ያለጊዜያቸው ተወልደው በዚሁ የዓይን በሽታ የታወሩ ሕፃናት በዓለም ዙሪያ ወደ 10,000 ይገመታሉ።

የቦስተኑ የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ቴሪ በሽታውን የገለጸው በ1942 ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ቫይታሚኑም፣ ብረቱም፣ ብርሃኑም ተጠረጠረ። በ1951 የሜልበርኗ ሐኪም ኬት ካምቤል ጣቷን ኦክስጅን ላይ ቀሰረች። ነገሩ “ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች” ዓይነት ስለነበር ብዙዎች ማመን ከበዳቸው። ዋሽንግተን ውስጥ አርኖል ፓትዝ ለአንዳንድ ሕፃናት ኦክስጅኑን ቀንሶ ልዩነቱን ለማየት ሲሞክር፣ ያዘኑላቸው ነርሶች ሌሊት ሌሊት መልሰው ይከፍቱት እንደነበር ይተረካል። መዝገቡ ላይ “ትንሽ ኦክስጅን” ተብሎ የተጻፈለት ሕፃን ሌሊቱን በገፍ ሲተነፍስ ያድር ነበር ማለት ነው።

መላ የተገኘው በ1953 ነው። የዓይን ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ለይተው የጋራ መመደቢያ አወጡ፤ አንዱ ሐኪም “ከባድ” ያለውን ሌላው “ቀላል” እንዳይለው ማለት ነው። በዚያው ዓመት 18 የአሜሪካ ሆስፒታሎች 1,500 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሚመዝኑ ጨቅላዎችን ይዘው አንድ ሙከራ ጀመሩ። ለአንዱ ቡድን ከ50 በመቶ በላይ ኦክስጅን ለ28 ቀን ይሰጣል፤ ለሌላው ከ40 በመቶ በታች፣ ያውም የግድ ሲያስፈልግ ብቻ። ውጤቱ በመስከረም 1954 ተነገረ፦ ኦክስጅን በገፍ ባገኙት ላይ ዓይን የሚያጠፋው ጠባሳ ሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። በሞት በኩል ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ኦክስጅን በየሆስፒታሉ ተቀነሰ፤ ዓይነ ስውርነቱም በፍጥነት ወረደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለ። ዳሩ ግን በሙከራው ሕግ አንድ ሕፃን የሚመዘገበው ከተወለደ 48 ሰዓት ሲሞላው ነበር። ምክንያቱ ተራ ነው፤ እጅግ ትንንሾቹ ጨቅላዎች በብዛት የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስለሆነ፣ ተመራማሪዎቹ ዓይናቸው እስኪመረመር የሚቆዩትን ፈለጉ። ስለዚህ “በሞት ልዩነት የለም” የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ሁለቱን ቀን ለተሻገሩት ብቻ ነበር። ሐኪሞች ግን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ትንፋሽ ላጠረው ሕፃን ጭምር ሠሩበት። በ1973 እንግሊዛዊው ኬኔት ክሮስ የሞት መዛግብትን አገላብጦ፣ ለዳነ ለእያንዳንዱ ሕፃን ዓይን 16 ያህል ሕፃናት ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገመተ።

ስሌቱ ግምት ነው፤ ትምህርቱ ግን አያከራክርም። እነዚያ 18 ሆስፒታሎች ዓይንን በአንድ መለኪያ ለክተዋል፤ ሰዓቱን የጀመሩት ግን ዘግይተው ነው። ሁሉም የተስማማበት ቅጽ፣ ሁሉም በአንድነት የሚስትበት ቅጽም ሊሆን ይችላል።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ተመልሶ ተነሣ። የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች አምስት ሙከራዎችን ሲያካሂዱ፣ የአንዱም ውጤት ሳይታወቅ ምን እንደሚለኩና መረጃውን እንዴት እንደሚያዋህዱ ተስማሙ። ዓይን ብቻውን አልተቆጠረም፤ ሞትም፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳትም ተቆጠረ። ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱ 4,965 ሕፃናት ተካተቱ። የ2018ቱ ውጤት እንዲህ ይላል፦ የደማቸው ኦክስጅን ከ85 እስከ 89 በመቶ እንዲሆን ከተደረጉት 19.9 በመቶው ሞቱ፤ ከ91 እስከ 95 ከተደረጉት ደግሞ 17.1 በመቶው። ለዓይን በሽታው ሕክምና ያስፈለጋቸው ግን ከመጀመሪያዎቹ 10.9፣ ከሁለተኛዎቹ 14.9 በመቶ ነበሩ። ዓይንና ነፍስ በአንድ ሚዛን ላይ ጎን ለጎን ታዩ።

ከመቶ ሦስት ሕፃን የማይሞላ ልዩነት በአንድ ሆስፒታል መዝገብ አይታይም፤ አምስት ሙከራዎች በአንድ ቃል ሲመዘግቡ ግን ይታያል። እናም በሕፃናት ላይ ለሚደረግ ጥናት ቅጽ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ “ምን እንለካ?” ከማለታችሁ በፊት “ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ? ከመቆጠሩ በፊትስ ማን ሞተ?” ብላችሁ ጠይቁ።